አዲስ ሥዕል በጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን



ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በቤታችን የተነሣ ክርክር ነው። ባለፈው ክረምት የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ጣራ አፍስሶ፣ በምዕራብ በኩል ባለው የመቅደስ ግድግዳ ላይ የነበረውን አንድ ትልቅ ሥዕል አበላሸው። ሥዕሉ እመቤታችን ልጅዋን ይዛ ወደ ግብፅ ስትሰደድ የሚያሳይ ነበር። እንደ ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ከግድግዳው ጋር የተለጠፈ ስለ ነበረ፣ ጨርቁ ከላይ ተላቅቆ ተንጠለጠለ፤ ቀለሙም ታጥቦ ከዮሴፍ በትርና ከአህያዋ ጆሮ በቀር የተረፈ ነገር አልነበረም። ሊጠገን እንደማይችል ከታወቀ በኋላ፣ የደብሩ ልጅ የሆነ አንድ ወጣት ሠዓሊ «ያለ ዋጋ አዲስ እሠራለሁ» ብሎ ረቂቁን ለሰበካ ጉባኤው አቀረበ።

ክርክሩ የተነሣው በዚህ ረቂቅ ላይ ነው። እመቤታችን እንደ ቀድሞው ሰማያዊ መጐናጸፊያዋን ለብሳለች፤ ዮሴፍም በትሩን ይዟል። ነገር ግን አብራቸው የምትሰደደው ሰሎሜ፣ ከቀያቸው ተፈናቅለው በመንገድ እንደምናያቸው ሴቶች፣ በጀርባዋ ቢጫ የፕላስቲክ ጀሪካን አዝላለች። ከጉባኤው አባላት እኩሌቶቹ «ልብ የሚነካ ነው፤ ይሠራ» አሉ። እኩሌቶቹ ደግሞ «ጀሪካን በመቅደስ ግድግዳ ላይ አይወጣም» ብለው ተቃወሙ። አባቴ የጉባኤው አባል ስለ ሆነ በዚያ ምሽት ድምፁ ዘግቶ ወደ ቤት ገባ። አያቴም ገና ሳይቀመጥ «ምን ወሰናችሁ?» ብላ ያዘችው። እርሱም ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺ የሥዕል ክበብ አባል ነሽ፤ በሌላው አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ምን ያደርጋሉ? እስቲ መርምሪና ንገሪኝ» አለኝ። የሥዕል መምህራችንን ጠይቄ፣ መጻሕፍትም አገላብጬ ያገኘሁትን ከዚህ በታች አቀርባለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ጥያቄውን በሚገባ መለየት ያስፈልጋል። ወደ ሙዚየም የሚሄድ ሰው ሥዕል ለማየት ፈልጎ ይሄዳል፤ ያልወደደውንም ትቶ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ግን ለጸሎት፣ ለቁርባን፣ ልጁን ክርስትና ለማስነሣት፣ ወይም ዘመዱን ለመቅበር ይሄዳል። ሥዕሉን ፈልጎ አልመጣም፤ ሥዕሉ ግን እዚያው ቆሞ ይጠብቀዋል። ስለዚህ አንድ ሥራ በሥነ ጥበብ ዐዋቂዎች ዘንድ መመስገኑ ብቻ ለመቅደስ የተገባ አያደርገውም። በሌላ በኩል ደግሞ አዲስ መሆኑ ብቻ የማይገባ ያደርገዋልን? እኔን ያስጨነቀኝ ይህ ሁለተኛው ነው።

መምህራችን በመጀመሪያ የነገሩኝ ዎልተር ሀሲ ስለሚባል እንግሊዛዊ ቄስ ነው። ሀሲ በኖርታምፕተን ከተማ የቅዱስ ማቴዎስ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበረ። በ1943 ቤተ ክርስቲያኑ 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ጊዜው የጦርነት ቢሆንም፣ በዓሉ በአዲስ ሥራ እንዲታሰብ ፈለገ። ከዚያ በፊት ሄንሪ ሙር የሚባለው ቀራፂ የነደፋቸውን ሥዕሎች አይቶ ነበር፤ እነዚህም የለንደን ሕዝብ ከቦምብ ለመሸሸግ በምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ተደራርቦ ሲተኛ የሚያሳዩ ናቸው። ሀሲ ይህንኑ ሰው የእመቤታችንንና የሕፃኑን ሐውልት እንዲቀርፅ ጠየቀው። ሙር ወዲያው እሺ አላለም። ከዚያ በፊት እናትና ልጅን ብዙ ጊዜ ቀርፆ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን የሚቆሙት ማርያምና ልጅዋ ግን ከማናቸውም እናትና ልጅ በምን እንደሚለዩ ማሰብ ነበረበት። ስለዚህ አስቀድሞ ትናንሽ የሸክላ አምሳያዎች ሠራ፤ ከእነርሱም አንዱ ተመርጦ ወደ ድንጋይ ተለወጠ።

ሐውልቱ በ1944 ሲገለጥ የከተማው ጋዜጣ በተቃውሞ ደብዳቤዎች ተሞላ። ሀሲ ግን አላፈገፈገም። በ1946 ግራሃም ሰዘርላንድ የተባለው ሠዓሊ ለዚያው ቤተ ክርስቲያን ስቅለትን ሣለ፤ ሠዓሊው በናዚዎች የእስረኛ ሰፈሮች የተነሡትን ፎቶግራፎች ተመልክቶ ስለ ነበረ፣ በመስቀሉ ላይ ያለው ሥጋ እጅግ የተሠቃየ ነው። ሐውልቱም ሥዕሉም እስከ ዛሬ በቦታቸው ናቸው።

ሆኖም 50 ዓመት የሞላው ሕንፃ ጥንታዊ ነው ሊባል አይችልም። የሀሲ እውነተኛ ፈተና የመጣው በ1955 የቺቸስተር ካቴድራል አስተዳዳሪ ሆኖ በተሾመ ጊዜ ነው። ይህ ካቴድራል በ1108 የተቀደሰ ነው። በውስጡ ከ12ኛው መቶ ዘመን የቀሩ፣ የአልዓዛርን መነሣት የሚያሳዩ የድንጋይ ቅርፆች አሉ። እንዲህ ባለ ስፍራ አዲስ ነገር ማኖር ለሽማግሌ ጉባኤ የመጀመሪያ ንግግር እንደ ማድረግ ያስፈራል።

ሀሲ በቺቸስተር በ1977 ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ካስገባቸው ሥራዎች ሁለቱን በሰፊው እገልጻለሁ፤ ለእኛ ክርክር የሚጠቅሙ እነዚህ ናቸውና።

የመጀመሪያው ሰዘርላንድ የሣለውና በ1961 በመግደላዊት ማርያም ጸሎት ቤት የተቀመጠው ሥዕል ነው። ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ቀለሙ ደማቅ ስለ ሆነ በረጅሙ መተላለፊያ መጨረሻ ላይ ከሩቅ ይታያል። ጌታ ከትንሣኤው በኋላ ለመግደላዊት ማርያም የተገለጠበትን ሰዓት ያሳያል። ጌታ በአንድ የውጭ ደረጃ ላይ ቆሞ በጣቱ ወደ ሰማይ ያመለክታል፤ በራሱም ላይ የገለባ ባርኔጣ አድርጓል። ፎቶግራፉን መጀመሪያ ሳየው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሣቅሁ። ማታ የዮሐንስን ወንጌል ምዕራፍ 20 ስከፍት ግን ሣቄን ተውሁ። መግደላዊት ማርያም ጌታን ስታየው ማን መሰላት? አትክልተኛ መሰላት። በፀሐይ የሚሠራ አትክልተኛ ደግሞ ባርኔጣ ያደርጋል። ስለዚህ ባርኔጣው ሠዓሊው ዘመናዊ ለመባል ያመጣው ጌጥ ሳይሆን ከራሱ ከወንጌሉ የወጣ ነው። እኔ ከዓመት ዓመት ያነበብሁትን ቃል ሥዕሉ እንደ ገና አስነበበኝ። ወዲያውም ስለ ጀሪካኑ አሰብሁ። ወደ ግብፅ የሚወስደው መንገድ በረሃ ነው፤ ስደተኛ በበረሃ ከሁሉ አስቀድሞ የሚይዘው ውኃ አይደለምን?

ሁለተኛው ጆን ፓይፐር የነደፈው፣ በግድግዳ ላይ የሚሰቀል የሱፍ ሽመና ነው። የካቴድራሉ ዋና መንበር ከሩቅ ሲታይ ጨለማ የዋጠው ይመስል ስለ ነበረ፣ ሀሲ ዓይንን ወደዚያ የሚስብ ነገር ፈለገ። ከመንበሩ በስተ ጀርባ በ16ኛው መቶ ዘመን የተሠራ የእንጨት ግርዶሽ አለ፤ ፓይፐር ሥራውን በዚህ ግርዶሽ ክፍልፋዮች ልክ ሰባት አድርጎ አዘጋጀው። በመካከል የሥላሴ ምልክቶች፣ በግራና በቀኝ ምድር፣ አየር፣ እሳትና ውኃ፣ ከበታቻቸውም የአራቱ ወንጌላውያን ምልክቶች አሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። ንድፉ ገና በወረቀት ሳለ ከካህናቱ አንዱ ተመልክቶ፣ «ስለ ሥላሴ ነው ትላላችሁ፤ የአብ ምልክት ግን የታለ?» ብሎ ጠየቀ። ፓይፐር እጅግ ብዙ ደክሞበት ነበርና ጥያቄው አስደነገጠው። በኋላ ግን ንድፉን አሻሽሎ ነጭ ብርሃን ጨመረበት። በ1966 የተሰቀለውን ሽመና ዛሬ የሚያይ ሰው ያንን ነጭ ብርሃን ያያል፤ ያለ እርሱ ሥራው ጐደሎ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። ተቃዋሚው የሥዕል ተማሪ አልነበረም፤ ሃይማኖቱን የሚያውቅ ሰው ነበር እንጂ። የተጠየቀውም ሸማኔው ክሩን ከመወጠሩ በፊት ነው።

ስለ ሦስተኛው ሥራ በአጭሩ ልናገር። ማርክ ሻጋል የተባለው ዝነኛ አይሁዳዊ ሠዓሊ በ91 ዓመቱ፣ በ1978፣ ለዚሁ ካቴድራል ባለ ቀለም መስታወት መስኮት ሠራ። ርእሱ መዝሙረ ዳዊት 150 ነው። ቀይ ቀለም ሞልቶበታል፤ በየቦታው መሣሪያ የሚመቱ ሰዎች አሉ፤ ዳዊትም በገናውን ይዟል። አያቴ ዳዊት የምትደግም ስለ ሆነች ፎቶግራፉን አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ፣ «ከበሮው የት አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። አብረን ፈለግን።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነገሩ ሁልጊዜ በሰላም ያልቃል ብዬ አላታልላችሁም። በለንደን የቅዱስ እስጢፋኖስ ዎልብሩክ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከ1672 እስከ 1679 በታላቁ መሐንዲስ በክሪስቶፈር ሬን የተሠራ ነው። ለዚህ ቤተ ክርስቲያን ያው ሄንሪ ሙር ከአንድ ወጥ ድንጋይ ክብ መሠዊያ ቀረፀ። መሠዊያው በግድግዳ አጠገብ ሳይሆን ከጉልላቱ ሥር በመካከል እንዲቆም፣ ምእመናንም ዙሪያውን እንዲቀመጡ ታሰበ። ቀልደኞች ክብ አይብ ብለው ስም አወጡለት። ነገሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ሄደ፤ በዚያ አገር በጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ነገር ለመለወጥ የቤተ ክርስቲያን ዳኛ ፈቃድ ያስፈልጋልና። ከተከራከሩባቸውም ነገሮች አንዱ «ይህ ትልቅ ድንጋይ በሕጉ መሠረት ማዕድ ሊባል ይችላልን?» የሚል ነበር። የመጀመሪያው ዳኛ ከለከለ። በ1987 ግን የይግባኙ ፍርድ ቤት ፈቀደ፤ መሠዊያውም ዛሬ በመካከል ቆሟል። ክብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ላደግን ለእኛ፣ መቅደሱ በመካከል ሆኖ ሕዝቡ ዙሪያውን መቆሙ ፍርድ ቤት የሚያስኬድ መሆኑ ያስገርማል። ለአንዱ ጥንታዊ የሆነው ለሌላው አዲስ ነው።

በጀርመን አገር በኮሎኝ ካቴድራል ደግሞ በጦርነቱ የጠፋውን መስታወት ለመተካት ጌርሃርድ ሪክተር በ2007 አንድ ትልቅ መስኮት ሠራ። ሰውም መልአክም የለበትም፤ 72 ዓይነት ቀለም ያላቸው 11,263 አራት ማዕዘን መስታወቶች ብቻ ናቸው። የከተማው ካርዲናል ራሱ እንዳልወደደው በግልጽ ተናገረ። መስኮቱ ግን በቦታው አለ። ፀሐይ ስትወጣበት ወለሉ ሁሉ በቀለም ይሞላል ይላሉ። እኔ ግን በዚህ ከካርዲናሉ ጋር ሳልስማማ አልቀርም፤ በቀለም ብቻ የሚጸልይ ሰው ጥቂት ይመስለኛል። መምህራችን በዚህ አልተስማሙም።

አንዳንድ ጊዜ ግን ስፍራው ራሱ ሥራውን ይፈጽመዋል። በዊንቸስተር ካቴድራል ሥር ያለው ምድር ቤት በዝናብ ወራት በውኃ ይሞላል። አንቶኒ ጎርምሊ በ1986 የሠራው፣ በሰው ቁመት ልክ የሆነ የእርሳስ ሐውልት በዚያ ቆሟል። እጆቹን አጣምሮ ውኃ ይዞ አንገቱን ደፍቶ ይመለከታል። ውኃው ሲመጣ ሐውልቱ እስከ ጉልበቱ ይጠልቃል፤ ቅስቶቹም በውኃው ላይ ይታያሉ። ይህንኑ ሐውልት በደረቅ አዳራሽ ብታቆሙት ግማሽ ትርጉሙን ያጣል።

እስከዚህ ድረስ የጻፍሁትን ለአባቴ ባነበብሁለት ጊዜ፣ «መልካም ነው፤ ግን የፈረንጅ ነው፤ ሽማግሌዎቹ አይቀበሉኝም» አለ። እውነቱን ነበር። ስለዚህ ወደ ራሳችን ታሪክ ተመለስሁ።

በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ኒኮሎ ብራንካሊዮኔ የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ወደ አገራችን መጥቶ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረ፤ በአገሩ ሰዎች ዘንድ መርቆሬዎስ ይባል ነበር። ጄምስ ብሩስ እንደ ጻፈው፣ ይህ ሠዓሊ እመቤታችንን ሕፃኑን በግራ ክንዷ ታቅፋ ስለ ሣላት ታላቅ ሁከት ተነሣ። ግራ ከቀኝ ያነሰ ክብር ያለው እጅ ነውና፣ ሕዝቡ «ጌታን አዋረደ» አለ። ንጉሡ ግን ሥዕሉ እንዲጠፋ አልፈቀደም። አሁን ደግሞ ወደየቤታችሁ ስትሄዱ የእመቤታችንን ሥዕል ተመልከቱ፤ ሕፃኑ በየትኛው ክንዷ ነው? ምስለ ፍቁር ወልዳ ብለን የምናከብረው ሥዕል፣ እጆቿን አስተላልፋ ልጅዋን በግራ ክንዷ እንደ ታቀፈች ብዙ ጊዜ የሚሣለው፣ በሮም በቅድስት ማርያም ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ካለው ሥዕል ጋር ይዛመዳል። የዚያ ሥዕል ቅጂዎች በ1600 ገደማ ወደ አገራችን መጡ፤ ሠዓሊዎቻችንም ተቀብለው በራሳቸው ቀለምና መስመር የራሳችን አደረጉት። አንድ ጊዜ ሁከት ያስነሣው አቀማመጥ ዛሬ ሰው የሚሰግድለት ሆኗል።

በዘመናችንም ምሳሌ አለ። የአዲስ አበባው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ከዐድዋ ድል በኋላ የተሠራ፣ በ1930ም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑበት ነው። በ1937 ፋሺስቶች አቃጠሉት። ከታደሰም በኋላ በአውሮፓ ተምሮ የተመለሰው ወጣት ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ሥዕሎችና ሞዛይክ ሠራለት። ዛሬ ለመሳለም የሚገባ ሰው እነዚህን «ዘመናዊ» ብሎ አይጠራቸውም።

ሽማግሌዎቹን ያሸነፋቸው ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከአባቴ ጋር ሆነን፣ ዝናቡ ያልነካውን የሰሜኑን ግድግዳ እንደ ገና ተመለከትን። እስራኤላውያን የኤርትራን ባሕር ሲሻገሩ የሚያሳየው ሥዕል እዚያ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁት ቢሆንም አስተውዬው አላውቅም ነበር። የፈርዖን ወታደሮች በውኃው ውስጥ ሲሰጥሙ በእጃቸው የያዙት ጠመንጃ ነው! በብዙ የአገራችን አብያተ ክርስቲያናት እንዲሁ ተሥሏል። ሠዓሊው በዘመኑ ያየውን ወታደር ነበር የሣለው፤ ሠዓሊውን «ፈርዖን ጠመንጃ ከየት አመጣ?» ብሎ ከግድግዳ ያወረደው የለም። አባቴ ቆሞ ለረጅም ጊዜ ሣቀ። በሚቀጥለው ስብሰባ ጉባኤውን በሙሉ ወደዚያ ግድግዳ ወሰዳቸው።

ጉባኤው ያን ዕለት ሥዕሉን አልፈቀደም፤ አልከለከለምም። የደብሩ አስተዳዳሪ አንድ ሐሳብ አቀረቡ፤ «ጨርቅ እኮ ነው፤ ለምን አስቀድመን አንለጥፈውም?» ሲሏቸው፣ «ለምን አስቀድመን አንኖርበትም?» አሉ። ሠዓሊው ሥዕሉን በጨርቅ ላይ ሠርቶ ከኅዳር ወር ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰቀለ። ሰው ሁሉ ገብቶ ያየዋል፤ ቅሬታ ያለውም ለካህናቱ ይናገራል። ተቃዋሚዎቹ ሁሉ አልተስማሙም። አንድ አባት እስከ ዛሬ ወደ አዳራሹ አልገቡም። በአንጻሩ ከሩቅ አገር ተፈናቅለው መጥተው በሰፈራችን የሚኖሩ አንዲት እናት በየሳምንቱ መጥተው ከሥዕሉ ፊት ይቆማሉ፤ ስለ ምን እንደሚጸልዩ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

አያቴን የወሰድኋት እኔ ነኝ። በትሯን ተደግፋ ከእመቤታችን ጀምራ እስከ አህያዋ ኮቴ ድረስ መረመረችው። ሠዓሊው በአጠገቧ ቆሞ እጁን ያፍተለትል ነበር።

«ልጄ፣» አለችው በመጨረሻ፣ «ይህ ጀሪካን ክዳን የለውም። በዚህ ዓይነት ውኃው ሲና በረሃ ሳይደርሱ አያልቅባቸውም?»

ሠዓሊው ምንም አልመለሰም። በሳምንቱ ስንመለስ ክዳኑ ተሥሏል፤ ከጀሪካኑም እጀታ ጋር በቀጭን ገመድ ታስሯል። ጨርቁ ግን ገና በአዳራሹ ነው፤ ጉባኤው ከፋሲካ በኋላ ይወስናል።